የካሪቢያንን ዳርቻ በመኪና፦ ፖርቶ ሪኮ፣ ጃማይካ፣ ሜክሲኮ ወይስ ኮስታ ሪካ?

ካሪቢያን ሲባል የሁላችንም ሐሳብ አንድ ቦታ ይሄዳል። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ወደ ውሃው ያዘነበለ የኮኮናት ዛፍ። ችግሩ ይሄ ሁሉም ጋ አለ። ፖርቶ ሪኮም፣ ጃማይካም፣ ሜክሲኮም፣ ኮስታ ሪካም፣ ኮሎምቢያም። ፎቶ አይቶ የመረጠ ሰው ገና አልመረጠም።

መኪና ተከራይቶ ባሕሩን ተከትሎ ለመጓዝ ላሰበ ሰው ልዩነቱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። የሚነዳው በግራ ነው በቀኝ? አስፋልቱ እንዴት ነው? ባሕሩ ከመኪናው ሆኖ ይታያል ወይስ በሆቴል አጥር ተጋርዷል? የኪራይ ቢሮው ጋ ስትደርሱስ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት ዋጋ ምን ይጨመርበታል? እኔ የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው። የባሕሩን ነገር ተዉት፤ የትም ብትሄዱ አያሳፍራችሁም።

መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ወር

አሜሪካ ለሚኖር ሐበሻ ግማሹን ምርጫ የሚወስነው በኪሱ ያለው ወረቀት ነው። ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ናት። ከዋሽንግተን ወይም ከአትላንታ ወደ ሳን ሁዋን መብረር የአገር ውስጥ በረራ ነው፤ ፓስፖርት የለም፣ ኢሚግሬሽን የለም። ከግንቦት 2025 ጀምሮ ግን ለአገር ውስጥ በረራም ሪል አይዲ (የፌዴራሉን መስፈርት የሚያሟላ የስቴት መታወቂያ) ወይም እሱን የሚተካ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ግሪን ካርድም ያገለግላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተቋጨ ሰው ግን ጠበቃውን ሳይጠይቅ አይነሳ። በረራው የአገር ውስጥ ቢሆንም የምትሄዱት ወደ ደሴት ነው፤ ሲመለሱ ጥያቄ ላለመፈጠሩ ዋስትና የለም።

ሜክሲኮ ግሪን ካርድ ወይም የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ ላለው ሰው ተጨማሪ ቪዛ አትጠይቅም። ፓስፖርታችሁ ግን አብሮ መያዝ አለበት፣ ጊዜውም ያላለፈ መሆን አለበት። ለጃማይካ፣ ለኮስታ ሪካና ለኮሎምቢያ ደንቡ እንደ ፓስፖርታችሁና እንደ መኖሪያ ፈቃዳችሁ ይለያያል። ኤምባሲያቸውን ሳትጠይቁ ቲኬት አትቁረጡ። ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ የምትነሱ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፦ በአሜሪካ አየር ማረፊያ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻም ቢሆን የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋል። ስለዚህ በአውሮፓ በኩል የሚያልፍ በረራ ፈልጉ፤ የዚያንም የትራንዚት ደንብ አጣሩ።

ወሩ ከወረቀቱ አይተናነስም። ሃሪኬን የሚሉት ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ የማዕበሉ ወቅት፣ ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 በፈረንጆች ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ወራትም የፈረንጆች ናቸው። ክፉዎቹ ወራት ነሐሴ፣ መስከረምና ጥቅምት ናቸው። ፖርቶ ሪኮ ማሪያ የተባለውን ማዕበል የቀመሰችው በመስከረም 2017 ነው፤ ፊዮናም የመጣው በመስከረም 2022 ነው። ጃማይካን ሜሊሳ የመታት በጥቅምት 2025 ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ሲደርስ ሰማዩ ይጠራል፣ ዋጋውም አብሮ ይሰቀላል፤ እስከ ሚያዝያም አይወርድም።

እዚህ ላይ እኛ አንድ ጥቅም አለን። የፈረንጆቹ ፋሲካ ሳምንት በሜክሲኮ፣ በኮሎምቢያና በፖርቶ ሪኮ የአገሬው ሰው ሁሉ ወደ ባሕር የሚወጣበት ጊዜ ነው። መንገዱ ይዘጋጋል፣ አልጋ ይጠፋል። የእኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከእነሱ ይዘገያል። የትንሣኤን ፈቃድ ለጉዞ የምትጠቀሙበት ከሆነ እነሱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እናንተ ትደርሳላችሁ። ሁለቱ ፋሲካዎች አንድ ቀን በሚውሉበት ዓመት ግን ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አድርጉት።

ፖርቶ ሪኮ፦ ለመጀመሪያ ጊዜና ከልጆች ጋር

ደሴቷ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ሳትቸኩሉ በአራት ወይም በአምስት ቀን ዙሪያዋን ትጨርሳላችሁ። የሚነዳው በቀኝ ነው፣ ገንዘቡ ዶላር ነው፣ የአሜሪካ መንጃ ፈቃዳችሁ ይሠራል፣ ብዙዎቹ የኪራይ ድርጅቶች የምታውቋቸው ናቸው። የመንገድ ምልክቱ ግን ትንሽ ያስቃል። ርቀቱ በኪሎ ሜትር ተጽፏል፣ የፍጥነት ወሰኑ በማይል፣ ቤንዚኑ ደግሞ በሊትር ይቀዳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሳን ሁዋን ያለችበት ሰሜኑ ዳርቻ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። የካሪቢያን ባሕር የሚባለው ደቡቡ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ሳን ሁዋን ተኝቶ፣ ሉኪዮ ዋኝቶ ይመለሳል፤ ካሪቢያንን ግን አላያትም። መኪና የተከራያችሁት ለዚህ አይደለም።

እኔ ብሆን ከሳን ሁዋን በምሥራቅ እወጣለሁ፤ በፈጣኑ አውራ ጎዳና ሳይሆን በ187 ቁጥር መንገድ። ይሄ መንገድ በፒንዮኔስ አልፎ ሎይሳ ይገባል። ሎይሳ የደሴቷ አፍሪካዊ ሥር ያለባት ከተማ ናት። መንገድ ዳር በየጎጆው ዘይት ይፈላል። አልካፑሪያ የሚሉት ከጥሬ ሙዝና ከሥራ ሥር ተፈጭቶ፣ በክራብ ወይም በሥጋ ተሞልቶ የሚጠበስ ነው። ባካላይቶ ደግሞ በደረቅ ዓሣ የተለወሰ ስስ ጥብስ ነው። መኪናውን አቁማችሁ በእጅ በወረቀት ይዛችሁ ትበላላችሁ።

ከዚያ ኤል ዩንኬ አለ። በአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች ሥር ያለ ብቸኛው ሞቃታማ የዝናብ ደን ነው። ቀጥሎ ፋሃርዶ፤ ማታ ማታ ውሃው የሚያበራበት ሐይቅ ያለባት። ብርሃኑ የሚመጣው ውሃው ሲነካ ከሚያበሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ነው። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ካልሄዳችሁ ብዙም አይታይም፤ ስለዚህ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት የጨረቃውን ቀን ቁጠሩ። ፋሃርዶ ላይ መዋኘት ክልክል ነው። በደቡብ ምዕራብ ያለችው ላ ፓርጌራ ግን ትፈቅዳለች። ልጆች ካሏችሁ ላ ፓርጌራን ጠብቁ።

ደቡቡ ሌላ አገር ይመስላል። ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ዝናቡን ሰሜኑ ተራራ ላይ ጥሎት ስለሚያልፍ ጓኒካ ስትደርሱ ቁልቋል ያለበት ደረቅ ጫካ ታገኛላችሁ። ካቦ ሮሆ ላይ ቀይ ገደል፣ በገደሉ ላይ የመርከብ መብራት ቤት፣ ከሥሩ ዛሬም ጨው የሚመረትበት ረግረግ አለ። ከዚያ ሪንኮን። በፈረንጆች ክረምት (ከታኅሣሥ እስከ የካቲት) የባሕሩ ሞገድ ትልቅ ስለሆነ በሰሌዳ ሞገድ የሚጋልቡ የሰርፍ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ለዋናተኛ ግን ያን ጊዜ አይመከርም።

የክፍያ መንገዶቹ በኤሌክትሮኒክ ነው የሚያስከፍሉት፣ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል የለም። ኪራዩ ላይ ክፍያው እንዴት እንደሚታሰብ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ በቀን ቋሚ ሒሳብ ይጨምራል። ወደ አሜሪካ ስትመለሱ ደግሞ ሻንጣችሁ በግብርና ሰዎች ይፈተሻል። ትኩስ ማንጎ ለእናት ይዤ ልሂድ ብሎ ነገር አይሠራም፤ እዚያው ይቀራል።

ጃማይካ፦ ልብ የሚጠራት፣ እጅ የምታስፈራ

ጃማይካ ለእኛ ሰው የተለየች ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 በፈረንጆች ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ስለከበበው ወዲያው መውረድ አልቻሉም። ራስተፈሪያን ዕለቷን እስከ ዛሬ ያከብሯታል። ቦብ ማርሊ ከመሞቱ በፊት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል፤ በ1981 የተቀበረውም በዚያው ሥርዓት ነው። ኪንግስተን ውስጥ በንጉሡ ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስትሉ የሰው ፊት ይለወጣል። አንዳንዱ ስለ ሻሸመኔ ይጠይቃችኋል፤ ሻሸመኔን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ለምታውቁ መልስ አዘጋጁ።

አሁን ወደ መሪው እንመለስ። ጃማይካ የሚነዳው በግራ ነው። ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካ ወይም እንግሊዝ የኖራችሁ አትቸገሩም። ከአዲስ አበባ ወይም ከቨርጂኒያ የመጣ ሰው ግን ለመታጠፍ ፍሬቻ አበራለሁ ሲል የዝናብ መጥረጊያውን ያስነሳል። ይሄ ብቻ ቢሆን ይለመድ ነበር። ዋናው ችግር ቀይ ታርጋ ያላቸው የመስመር ታክሲዎች ናቸው። የአዲስ አበባን ሚኒባስ አስቡት፤ በግራ በኩል፣ በኩርባ ላይ፣ ከኋላችሁ ጥሩምባ እየነፋ። አትወዳደሩ። ዳር ይዛችሁ አሳልፉት።

መንገዱ እንደ አቅጣጫው ይለያያል። ከሞንቴጎ ቤይ በፋልማውዝ አድርጎ እስከ ኦቾ ሪዮስ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሰሜን ዳርቻ መንገድ ሰፊና ጥሩ ነው። ፋልማውዝም ማታ የሚያበራ ውሃ አላት። ከኦቾ ሪዮስ ወደ ኪንግስተን በ2016 የተከፈተው የክፍያ መንገድ ተራራውን ይሻገራል። ጥሩ ነው ግን ሽቅቡ ኃይለኛ ነው፤ በትንሽ ሞተር አትውጡ። ቦብ ማርሊ የተወለደባትና የተቀበረባት ናይን ማይል ከዳርቻው ወደ ተራራው ገባ ብላ፣ በጠባብ መንገድ ነው የምትገኘው።

እውነተኛው የባሕር ዳር መንገድ የሚጀምረው ከኦቾ ሪዮስ ወደ ምሥራቅ ነው። ፖርት ማሪያ፣ ፖርት አንቶኒዮ፣ ቦስተን ቤይ፣ ከዚያ ዞሮ ሞራንት ቤይና ኪንግስተን። እዚህ ባሕሩ ከመንገዱ ሥር ነው። ትልልቅ ሆቴል ጥቂት ነው። ጀርክ የሚሉት በቅመም የታሸ ሥጋ በደንቡ በፒሜንቶ እንጨት ጭስ የሚሠራው ቦስተን ቤይ ነው። ኪሎ ሜትሩ ጥቂት ይመስላል፣ ሰዓቱ ግን ይበላል። ለ100 ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት ያዙ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከባሕሩ ወደ ብሉ ማውንቴን ውጡ። ጫፉ 2256 ሜትር ነው። ለእኛ ከፍታው ብርቅ አይደለም፤ ቡናው ግን ይቀመሳል። ወደ ጃማይካ ቡና የገባው በ1728 ነው፣ ከማርቲኒክ። የእኛን ተክል ዞሮ ዞሮ እዚህ ስታገኙት፣ በዚያ ዋጋ ሲሸጥ ስታዩ፣ ትንሽ መቅናታችሁ አይቀርም። ከዝናብ በኋላ ግን ይሄ መንገድ ይናዳል፤ ክፍት መሆኑን ሳትጠይቁ አትውጡ።

ስለ ምዕራቡ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሜሊሳ በመጨረሻው ከፍተኛ፣ በአምስተኛ ደረጃ ጉልበቷ የገባችው በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። ብላክ ሪቨር ክፉኛ ተጎድታለች። ኔግሪልና ደቡብ ዳርቻውን ካሰባችሁ የምታርፉበት ቤት ራሱ መልሶ መከፈቱን ደውላችሁ አረጋግጡ። በምሥራቅ በኩል ዕቅድ ማውጣት ይቀላል።

የእኔ ፍርድ፦ ከሁለታችሁ አንዳችሁ በግራ የመንዳት ልምድ ካላችሁ ጃማይካ ከሁሉም ትበልጣለች። ከሌላችሁ ግን ኩራት ይቅርባችሁ፣ መኪና ከነሹፌሩ ያዙ። ለአራት ሰው ሲካፈል የሚያስፈራ ሒሳብ አይደለም፤ ባሕሩንም ሁላችሁም ታዩታላችሁ።

ሜክሲኮ፦ ቀላሉ መንገድ፣ የተደበቀው ባሕር

ከካንኩን ተነስቶ በፕላያ ዴል ካርመን፣ በቱሉምና በባካላር አድርጎ ወደ ቼቱማል የሚወርደው 307 ቁጥር መንገድ ለመንዳት ከሁሉም ይቀላል። ሜዳ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው። እስከ ቱሉም መሄጃና መመለሻው የተለየ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይጠብባል። ብቸኛው ጠላት መንደር መግቢያ ላይ ያለው የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ነው። አንዳንዱ ቀለም የለውም። በፍጥነት ከወጣችሁበት የመኪናውን ሆድ ይመታል።

ግን መንገዱ ባሕሩን አያሳይም። ከአስፋልቱ እስከ ውሃው ድረስ ያለው ጫካና የሆቴል በር ነው። ይሄን ሳያውቁ የሄዱ ሰዎች ይበሳጫሉ። ሜክሲኮን የምትመርጡ ከሆነ ለሌላ ውሃ ምረጧት፣ ለሴኖቴዎቹ። ምድሩ ኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ሰርጎ ይገባል፣ በላይ የሚፈስ ወንዝ የለም ማለት ይቻላል፤ ውሃው የሚሄደው ከመሬት በታች በዋሻ ነው። የዋሻው ጣሪያ የተደረመሰበት ቦታ ሴኖቴ ይባላል። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለና ጨው የሌለበት ነው። ባሕሩ በአረም በተሸፈነ ቀን እዚያ ትገባላችሁ።

አረሙ እውነተኛ ጣጣ ነው። ሳርጋሶ ይሉታል። ከ2011 ወዲህ በብዛት መምጣት የጀመረ ቡናማ የባሕር አረም ነው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ይበረታል። ዳርቻው ላይ ሲበሰብስ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ወደ ደሴቶቹም ይደርሳል፣ ግን ይሄኛው ዳርቻ በተለይ ይጠቃል። ለዚህ ሲባል ሰዎች ወደ ባካላር ይወርዳሉ፤ እሱ ባሕር ሳይሆን ሐይቅ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም በየጥልቀቱ ይለዋወጣል። ዳሩ ላይ ድንጋይ የሚመስሉት ነገሮች ሕይወት ያላቸው ጥንታዊ ፍጥረታት የሠሯቸው ናቸው። አትርገጧቸው። ስትገቡም የፀሐይ ቅባት አትቀቡ።

ኪራዩ ላይ ተጠንቀቁ። ኢንተርኔት ላይ በቀን 5 ዶላር የሚል ታያላችሁ። ቢሮው ጋ ስትደርሱ የሦስተኛ ወገን መድን ይጨመራል። ይሄኛው ማጭበርበር አይደለም፤ በሜክሲኮ ሕግ ግዴታ ነው። የአሜሪካ ክሬዲት ካርዳችሁ የሚሰጠው ሽፋን የመኪናውን ጉዳት እንጂ የሦስተኛ ወገንን አይተካም። ስለዚህ መጀመሪያውኑ ሙሉውን ዋጋ የሚናገር ድርጅት ምረጡ። ማደያ ላይ ደግሞ ቆጣሪው ከዜሮ መጀመሩን ወርዳችሁ እዩ።

ኮስታ ሪካ፦ የመስከረም መልስ

ዕረፍታችሁ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ብቻ ከሆነ ምርጫው ያለቀ ነው። ሌላው ካሪቢያን ማዕበል በሚጠብቅበት፣ የኮስታ ሪካም ሌላው ክፍል በዝናብ በሚታጠብበት በእነዚህ ሁለት ወራት የደቡብ ካሪቢያን ዳርቻዋ ፀሐይ ያገኛል። ማዕበሉም እስከዚያ ድረስ የሚወርድበት ጊዜ ጥቂት ነው።

መንገዱ አጭር ነው። ከሊሞን እስከ ፑዌርቶ ቪዬሆ 60 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ማንሳኒዮ ላይ ያልቃል። መሐሉ ላይ ካዊታ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ዛፍ ላይ ስሎዝ የሚባለውን ያንን ቀርፋፋ እንስሳ ታያላችሁ። የአገሬው ሰው ብዙዎቹ አያቶቹ በ1870ዎቹ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ከጃማይካ የመጡ ናቸው። ሩዝና ባቄላውን በኮኮናት ወተት ይሠሩታል። አስቸጋሪው ከሳን ሆሴ የሚወርደው 32 ቁጥር መንገድ ነው። በጫካና በገደል መሐል ነው፣ ሲዘንብ ናዳ ይዘጋዋል። በጠዋት ውረዱ። መብረሪያው ዕለት ዋዜማም ሳን ሆሴ እደሩ።

ኮሎምቢያስ?

ከካርታሄና እስከ ሪዮሃቻ ያለው ዳርቻ ብዙ ነገር አለው። ከባሕሩ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ከ5700 ሜትር በላይ የሚሆን በረዷማ ተራራ ይቆማል። ሳን ባሲልዮ ዴ ፓሌንኬ የምትባለው ካመለጡ ባሮች የተመሠረተች መንደር ለብቻዋ ጉዞ ይገባታል። ግን ካርታሄና ውስጥ መኪና ሸክም ነው፤ ከተማ ለከተማ ደግሞ አውቶቡሱ ጥሩ ነው። መኪና ከያዛችሁ ከሳንታ ማርታ ወደ ፓሎሚኖ ለሚወስደው ክፍል ብቻ ያዙ። ታይሮና ፓርክ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለዕረፍት ይዘጋል፤ ቀኑን ሳታዩ አትሂዱ። ለመጀመሪያ ጉዞ እኔ አልመክረውም።

ለጾመኛ

ጃማይካ እዚህ ላይ ተወዳዳሪ የላትም። ራስተፈሪያን አይታል የሚሉት ምግብ ሥጋም ወተትም አይነካውም፤ በኮኮናት የተሠራ አትክልትና ባቄላ ነው። አንዳንዴ ጨው እንኳ የለውም፣ እሱን ትጨምራላችሁ። ሜክሲኮና ፖርቶ ሪኮ ባቄላው ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይሠራል። ማንቴካ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እናንተው ጨርሱት።

ሰዓት

አንድ ደንብ ለአምስቱም ይሠራል። ማታ አትንዱ። ጉድጓዱ፣ ጉብታው፣ መብራት የሌለው ብስክሌትና ፍየሉ ሁሉ የሚመጣው ያኔ ነው። እንደ እኛው አገር ፀሐይዋ 12 ሰዓት ግድም ትጠልቃለች፣ ሲመሽም ቶሎ ነው። የቀኑ መንዳት 10 ሰዓት ላይ እንዲያልቅ አድርጋችሁ አስቡ። አውሮፕላናችሁ ምሽት የሚገባ ከሆነ መኪናውን ለጠዋት ያዙ፤ ያን ሌሊት አየር ማረፊያው አጠገብ እደሩ። የአንድ ሌሊት የኪራይ ሒሳብም ይቀንስላችኋል።